ያልተመታው ስፖንዳ

ከድር መሪው ላይ ነበር። ረዳቱ ጃርሶ ከመኪናው በስተኋላ በቀኝ በኩል ቆሟል። ሮባ ከእሱ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጎማ የሚታገድበትን ታኮ በእጁ ይዞ፣ የመጋዘኑን ግንብ ተደግፏል። ሌሎች ሁለት አውራጆች ጭነቱ ላይ ወጥተው የሸራውን ገመድ ይፈታሉ። እኔ ከመጋዘኑ ጎን ባለው የሱቁ በር ደፍ ላይ ነበርኩ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ባለቤቴ ደምሴ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ተኝቷል። ሌላ ሰው አልነበረም።

ይህን ለትራፊክ ፖሊሱ በዚያው ጠዋት በዚሁ ቅደም ተከተል ነገርኩት። እሱም ወረቀት ላይ መኪናውን እንደ ሳጥን ሳለና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ነጥብ አስቀመጠልን። የደምሴን ትተን ከሁሉም የራቀችው ነጥብ የእኔ ነበረች።

ያን ጊዜ ነገሌ ቦረና፣ ገበያው መንገድ ላይ የጅምላ ሱቅ ነበረን። ስኳር፣ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ዘይት እንሸጣለን። ከፊልቱ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎችም ከእኛ ይወስዱ ነበር። እኔ በልጅነቴ ወላጆቼ ከጉራጌ አገር ይዘውኝ መጥተው ነገሌ ያደግሁ፣ እዚያው አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ እዚያው ያገባሁ ነኝ። ብዙ አላወራም። ደንበኞቼ እትዬ ዘነበች ከሰላምታ በላይ ካወራች ዝናብ ይመጣል እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ደምሴ ሠላሳ ዓመት ያህል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሻሸመኔ ነገሌ፣ ከነገሌ ፊልቱ፣ አንዳንዴም እስከ ዱብሉቅ ይነዳ ነበር። ከድርን ረዳት አድርጎ የወሰደው፣ መንዳት ያስተማረው፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ የጨቀጨቀው እሱ ነው። ከድር ጎልማሳ ሆኖ፣ ልጆች ወልዶም ቤታችን ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቅ ነበር። ደምሴ ታሞ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው፣ ንግግሩም ከተሰባበረ በኋላ ዕቃችንን ከሻሸመኔ የሚያመጣልን ከድር ነበር።

መንገዳችን ጠባብ ነው። ቀን ቀን አንድ የጭነት መኪና ወደ መጋዘን መግባት ሲጀምር ባጃጆቹ ከወዲያና ከወዲህ ይቆማሉ፤ ጋሪው ይቆማል፤ ግመል የሚነዳው ሰው ይጮኻል። ከትምህርት ቤት የሚወጡት ልጆች በመኪናውና በግንቡ መካከል ይሾልካሉ። አንድ ቀን ሰው ይጨፈለቃል እንል ነበር። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ነጋዴዎቹን ሰበሰበና የጭነት መኪና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ገበያው መንገድ እንዳይገባ ሐሳብ አቀረበ። ማራገፍ የፈለገ ንጋት ላይ ይጨርስ ተባለ። አንድ ዱቄት ነጋዴ መኪናውን ማስነሳት ቀላል ነው፣ የእኔን ወገብ በዚያ ሰዓት ማን ያስነሳልኛል ብሎ ሰውን አሳቀ። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ።

አሁን ስለ ስፖንዳው ልንገራችሁ። ስፖንዳ ማለት ጭነቱን ከጎንና ከኋላ የሚይዘው የብረት ግድግዳ ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ሹፌሩ ከበስተኋላው ያለውን ስለማያይ ረዳቱ እዚያ ይቆምና፣ ቦታው ሲደርስ ስፖንዳውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሁለት ምት ቁም ማለት ነው። ከዚያ አንዱ አውራጅ ገብቶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ የመጋዘናችን በር ፊት ትንሽ ተዳፋት ስለሆነ ያለ ታኮ አይሆንም። ስፖንዳው እስኪመታ ድረስ ሹፌሩ መምጣቱን አያቆምም። ዝምታ ና ማለት ነው። የእኛ አገር ሹፌሮች ከስፖኪዮ ይልቅ የሚያምኑት ያንን ምት ነው። የሹፌር ሚስት ስለሆንኩ ይህን ከብዙ ረዳቶች በፊት አውቀዋለሁ።

ቀን በገበያው ጫጫታ ውስጥ ያ ምት ለሹፌሩ ካልሆነ ለማንም አይሰማም። ንጋት ላይ ግን ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ደምሴ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ንጋት ላይ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። መኪና በመጣ ቀን ስፖንዳው ሁለቴ ሲመታ ዓይኑን ሳይገልጥ ቀኝ እግሩ ብርድ ልብሱ ሥር ወደ ታች ይጫናል። ፍሬን ይይዛል። እግሩን እንደተጫነ ይቆይና ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ አይተኛም። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ይውላል።

በዚያ ሳምንት ሦስት ሌሊት አልተኛም። በአራተኛው፣ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትንፋሹ ረጋ አለ። ወዲያው የመኪናው ድምፅ ተሰማኝ። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ጃርሶ ከመኪናው ቀድሞ በእግሩ መጣ። ከከድር ጋር አስራ ሁለት ዓመት የሠራ፣ ሽበት የጀመረው ረዳት ነው። እንደ ልማዱ በኦሮምኛ፣

«አካም ቡልታን፣ አዮ?» አለኝ። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው፤ አዮ እናቴ እንደ ማለት ነው።

«ናጋ፣ ሰላም ነው» አልኩት። «ጃርሶ፣ ዛሬ አትምታው። ደምሴ ገና አሁን መተኛቱ ነው።»

«እሺ አዮ። በመብራት አሳየዋለሁ» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ለከድር ንገረው አላልኩትም። መኪናው ዞሮ ወደ ኋላ መምጣት ጀምሮ ነበር።

በግራ በኩል የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ከድር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የግራ ጎማውንና ቦዩን ያያል። ጃርሶ በቀኝ ነው ያለው። መኪናው ቀስ ብሎ መጣ። ቦታው ሲደርስ ጃርሶ የስልኩን መብራት ከፍ አድርጎ አወዛወዘው። መብራቱን እኔ አየሁት። ሮባም አየው፤ መኪናው ቆመ ብሎ ታኮውን ይዞ ከኋላ ገባና ጎንበስ አለ። ከድር አላየውም። ምት ስላልሰማ መጣ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። የዱቄት ኩንታል መሬት ሲያርፍ የሚያሰማውን ያህል። ሮባ አልጮኸም፤ የጮኹት ጭነቱ ላይ የነበሩት ሁለቱ ናቸው። ያን ጊዜ ጃርሶ ስፖንዳውን መታው። በሁለት እጁ፣ ያለ ቁጥር መታው። መኪናው ወደ ፊት ተንቀሳቀሰና ሮባ ከግንቡ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ታኮው አሁንም እጁ ላይ ነበር።

ከድር ወርዶ መጣ። ሮባን አየና ወደ ጃርሶ ዞረ።

«አልመታህልኝም» አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አልመታህልኝም እኮ» አለ።

ጃርሶ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። ከዚያ መሬት መሬት አየ።

አንዱ አውራጅ ሮጦ ባጃጅ ይዞ መጣ። ሮባን አቅፈው አስገቡት። እኔ ከሱቅ አዲስ አቡጀዲ አውጥቼ እግሩን ጠቀለልኩለት። ቋጠሮውን እንደ ዕቃ ጥቅል አጥብቄ አሰርኩት። ይህን የምጽፈው ልመሰገን ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ምንም አልተሰማኝም። ወደ ውስጥ ስገባ ደምሴ ነቅቶ ነበር። ቀኝ እግሩ ተጭኗል።

ትራፊክ ፖሊሱ የመጣው አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። በዚያው ሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ ጠባቂ መጥቶ ሰዓቱ ደርሷል፣ መኪናው ይውጣ አለ። ፖሊሱ ስዕሉን ሳልጨርስ አይነቃነቅም አለው። ሁለቱ ሲከራከሩ ረፈደ። ባጃጆቹ ከወዲያና ከወዲህ ቆሙ። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው በመኪናውና በግንቡ መካከል እየሾለኩ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ግንቡ ላይ ያለውን ያየ ልጅ አልነበረም፤ ወይም አይተው ቀለም መስሏቸዋል።

ፖሊሱ ነጥቦቹን ካስቀመጠ በኋላ ጠየቀኝ።

«እርስዎ ምን አዩ?»

«መብራት አየሁ። ከዚያ መኪናው መጣ።»

«ረዳቱ ስፖንዳውን መትቷል?»

«አልመታም።»

«ለምን እንዳልመታ ያውቃሉ?»

«እሱን ጠይቀው» አልኩት።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

«የለም።»

ፈረምኩ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ ፖሊሱም ጥሩ ጽሕፈት አለዎት አለኝ። ከድርን ይዘውት ሄዱ። ሲሄድ ቤታችን ውስጥ እንዳለ ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ጋሼ እንዳይሰሙ» አለኝ።

ጃርሶ ቃሉን ሰጥቶ ለጊዜው ተለቀቀ። እኩለ ቀን ላይ ሱቅ መጣ። ገዢዎቹ እስኪወጡ በር ላይ ጠበቀ። ከዚያ ገብቶ ባንኮኒው ፊት ቆመ።

«ረሳሁ አልኳቸው» አለ።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ምን ልበል፣ አዮ? የታመመ ሰው ቤት ነው። እርስዎ አላዘዙኝም፤ ለመኑኝ። እናት ለምና ልጅ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ እሷ ናት ይላል? እኛ ዘንድ እንደዚህ አይደረግም።»

«ከድር ይታሰራል እኮ።»

«ይታሰራል። እኔም ሥራ የሚሰጠኝ አይኖርም። ምት የረሳ ረዳት ማን ይወስዳል?» አለ። ምሬት አልነበረበትም፤ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነበር የሚናገረው። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠና ወጣ።

በማግስቱ የሮባ እግር ተቆረጠ። አጥሚት ሠርቼ ሆስፒታል ሄድኩ። እናቱ ከራስጌው ተቀምጠዋል። ሮባ ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ታኮው እኔ ሆንኩ» አለኝ። ከአጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሳቀ። እናቱ አማርኛ በደንብ ስለማይሰሙ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። እበላለሁ፣ ይሻለኛል አለ አልኳቸው። እጄን ይዘው በኦሮምኛ መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር። እስኪጨርሱ ቆሜ አሜን አልኩ።

ከዚያ ሮባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጃርሶ ግን አይረሳም» አለኝ። «መብራት ከየት አመጣ? ተኝቼ የማስበው ይህንን ብቻ ነው። ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ጠፍቶ?»

የአጥሚቱን ዕቃ ክዳን ገጥሜ ተነሳሁ።

ያን ዕለት ማታ ደምሴን ሳበላው ማንኪያውን በእጁ መለሰው። ከድር መታሰሩን የሆነ ሰው ነግሮታል። ቃላቱ አንድ በአንድ ነበር የሚወጡት።

«ጃርሶ… ረሳሁ… አለ?»

«አዎ።»

«ጃርሶ… አይረሳም።» ትንፋሹን ሰበሰበና፣ «ሁለቱን… ምት… አልሰማሁም። ተኝቼ… ነበር። ማን… አስተኛኝ?» አለ።

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ደምሴ ለረጅም ጊዜ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖረ። ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አላነሳም፤ ግን ከእጄ ሲበላ ፊቴን አያየውም ነበር።

እናንተ የምታነቡ፣ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው ትሉ ይሆናል። የሰዓቱ አይደለም። ደንቡ ዛሬም አለ፤ መንገዱ ቀን ቀን ሰላም ነው፤ ልጆች በግንብና በመኪና መካከል አይሾልኩም። ሥራን ከቀን ወደ ንጋት ለማዛወር ደብዳቤ ይበቃል። ድምፁ ግን አብሮት ይዛወራል፤ ቀን ማንም የማይሰማው ምት ንጋት ላይ የታመመ ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ይህን በስብሰባው ያነሳ አልነበረም። እኔም እጄን ሳነሳ አላሰብኩትም።

በሰው ሥራ ገብታችሁ ይህን ተወው ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደሚደረግ ጠይቁ ብዬም አልመክራችሁም። እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አውቀው ነበር። ዝምታ ና ማለት እንደሆነ አውቄ ነው ዝም በል ያልኩት። ከአላዋቂነት ቢሆን ኖሮ ይቀልለኝ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። አላውቅም።

ሮባ ዛሬ በሰው ሠራሽ እግር ይሄዳል፤ ባጃጅ ተራ አጠገብ ጎማ ይለጥፋል። ሱቁን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼ ራቅ ያለ ሰፈር ገባሁ። ሆኖም ንጋት ላይ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ከሰማሁ ሁለቱን ምት እጠብቃለሁ። እስኪመታ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከተመታ በኋላም እንቅልፍ የለኝም። ለውጥ ከተባለ የለወጠኝ ይህ ነው።

አሁን ስለ ሮባ እግር ሽምግልና የተቀመጡበትን ቀን ነግሬአችሁ ልጨርስ።

በአምስተኛው ቀን በሮባ ቤተሰቦች ግቢ፣ ግራሩ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ከድር እስር ቤት ስለነበር ታላቅ ወንድሙ ከሻሸመኔ መጥቷል። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፤ የሮባ አጎት ቦሩ ከፊታቸው ተቀምጧል። ጃርሶ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ ብሎ ቆሟል። እኔ ሴቶቹ ዘንድ፣ ከቤቱ ጥላ ሥር ነበርኩ። የሮባ እናት የራሳቸውን በርጩማ ሰጥተውኝ እሳቸው ቆዳ ላይ ተቀመጡ።

የከድር ወንድም ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሹፌሩ አልተመታልኝም ይላል፣ ረዳቱ ረሳሁ ይላል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለቱ ነው አሉ። ለፍርድ ቤቱም የሚነገረው ይኸው ነው። ቦሩ ይህ አልዋጥ አለው። ጃርሶ የገዛ ጎሳው ሰው ስለሆነ ብሶበታል። ወደ እሱ ዞረና፣

«አስራ ሁለት ዓመት ስትመታ ኖረህ ያን ቀን እጅህን ማን አሰረው? ሚስትህ ናት?» አለው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«ረሳሁ» አለ ጃርሶ።

«ስልክ ማውጣት ያልረሳ እጅ መምታት ይረሳል?»

ጃርሶ ወደ ቦሩ እንደዞረ ቀረ። ወደ ሴቶቹ በኩል አላየም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያየኝ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ነገሩ ከመዘጋቱ በፊት የቀረ ቃል ያለው ይናገር አሉ። ማንም አልተናገረም። ደግመው አሉ። ግራሩ ላይ ወፎች ነበሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሉ ተነሳሁ። ሴት ከዚያ ጥላ ሥር ተነስታ አትናገርም ነበር፤ ሆኖም ቁጭ በይ ያለኝ የለም። የሮባ እናት እንዲሰሙኝ በኦሮምኛ ተናገርኩ።

«ጃርሶ አልረሳም። ከድርም አላጠፋም። ባለቤቴ ተኝቶ ነበር፤ ስፖንዳውን አትምታ ያልኩት እኔ ነኝ። ለከድር ንገረው አላልኩም። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ደብቄአለሁ። አሁን ከዚህ ወጥቼ ወደ ጣቢያው ነው የምሄደው።»

ጃርሶ ዓይኑን ጨፈነ። ቦሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። የሮባ እናት እጃቸው ቀሚሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀስ ብለው አነሱት። ከበርጩማው አጠገብ ጃንጥላዬን ወሰድኩ። በርጩማውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት። ከዚያ በሰዎቹ መካከል አልፌ፣ የእሾህ አጥሩን በር ገፍቼ ወጣሁ።